የድባቡ ጨርቅና የቡሬው ሶፋ

ይህ የጨርቅ ጉዳይ የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ባጃጅ ፍኖተ ሰላም ከመግባቱ በፊት ነው፤ ይህም አያከራክርም፤ ጨርቁን ከመናኸሪያ እስከ ሱቃችን ያደረሰልን የፈረስ ጋሪ ነበርና። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ባለቤቴ በላሞቿ ትቆጥረዋለች። «ግራጫዋ መንታ የወለደች ዓመት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ግራጫዋ መንታ መውለዷን ጭራሽ አላስታውስም። «እንዲያ ያለውን የሚረሳ ሰው ነው እንግዲህ የድርጅት ታሪክ የሚጽፈው!» ብላ ትስቅብኛለች። ስለዚህ ዓመቱን ለእሷ ትቼ ወሩን ልያዝ። ወሩ ጥር ነበር። ጥርን የማልረሳው በጥምቀቱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ድርጅት ከመሆናችን በፊት እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነበርኩ። ነጋዴ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በገበያ ቀን አራት እንጨት ተክዬ፣ ከላይ ሸራ ወጥሬ፣ አቡጀዲና ለቁምጣ የሚሆን ካኪ በክንድ እየለካሁ እሸጥ ነበር። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። ጥያቄው የማን ክንድ የሚለው ነው። በእኛ ገበያ ልማዱ ገዢው በመረጠው ክንድ መለካት ነበር። ስለዚህ ጨርቅ የሚገዛ ባላገር ብቻውን አይመጣም፤ ከዘመዶቹ ሁሉ ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል። ከቡሬ መንገድ አንድ ሰውዬ ነበሩ፤ ክንዳቸው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። እኚህን ሰው ሰርግ ያለበት ሁሉ ጠላ እየቀዳ ይለምናቸዋል። ከሩቅ ሲመጡ ሳይ ሸራዬን ነቅዬ መሄድ ያምረኝ ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው ከዚህ ኑሮ አወጣሃለሁ ያለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ቢሮ ይጠራኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሸሚዙን እየተኮሰ ቤት የዋለ ልጅ ነው። እኔ አራተኛ ክፍልን መጨረሴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ መምህሩ ለእረፍት ሄደው በዚያው ቀሩ። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ብዬ የመስማት ልማድ ነበረኝ።

«ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን፣ «በክንድ መሸጥ ቀርቷል። ሰዉ ቆርቆሮ ቤት እየሠራ ነው። ቆርቆሮ ቤት መስኮት አለው፤ መስኮት መጋረጃ ይፈልጋል። መጋረጃ ያለበት ቤት ደግሞ ሶፋ ይፈልጋል። ድርጅት እናቁም።»

«ከማን ጋር?»

«እኔና አንተ።»

«ሁለት ሰው ድርጅት ይሆናል?»

«ሥራ አስኪያጅ ካለው ይሆናል» አለና ራሱን ሥራ አስኪያጅ አደረገ። እኔን ምን እንዳደረገኝ አልነገረኝም። በኋላ እንደገባኝ እኔ መጋዘኑ ነበርኩ።

ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ያሠራው ታፔላውን ነው፤ «የቤት ማስዋቢያ ጨርቃ ጨርቅ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት» የሚል።

«ከየት ነው የምናስመጣው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከመርካቶ።»

«መርካቶ ውጭ አገር ሆነ እንዴ?»

«ከፍኖተ ሰላም ውጭ አይደለም?» አለኝ። የተማረ ሰው መልስ አያጣም።

ታፔላው ከሱቁ ረዘመ። ብንሰቅለው የመጨረሻው ቃል አልፎ ከጎረቤታችን በር በላይ አረፈ። ጎረቤታችን ጨውና ላምባ የሚሸጥ ደግ ሰው ነበር። ቀና ብሎ «ድርጅት» የሚለውን አነበበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው ሲሰፍር ኮቱን ይለብስ ጀመር።

ለዕቃ መግዣ የሸጥኩት ባሕር ዛፌን ነው። አባቴ ከቤታችን በታች ባለው ተዳፋት የተከሉት፣ ለክፉ ቀን ብለው ያቆዩልኝ ነበር። ሲቆረጥ ቆሜ አላየሁም። መርካቶ ወርደን አንድ መጋዘን ስንገባ ሥራ አስኪያጁ መጋረጃውን ሁሉ አልፎ አንድ ጥቅል ላይ ደረቀ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ወፍራም፣ የወርቅ ቀለም አበባ የተበተነበት። እጅህን ስታሳልፍበት በአንድ በኩል ይጨልማል፣ በሌላ በኩል ያበራል።

«የሶፋ ነው» አለ ባለመጋዘኑ። «በክፍለ ሀገር ሰው እየተሻማበት ነው።»

«እኛ ዘንድ ለምን አልደረሰም?» አልኩ።

«እናንተ ናችኋ የምታደርሱት» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ቁመቱ ጨመረ። ያለንን በሙሉ በዚያ ከፋይ ላይ አዋልነው። የአባቴ ባሕር ዛፍ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወደ ጎጃም ተመለሰ።

ቶሎ የገባኝ ነገር በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሶፋ አለመኖሩ ነው። ሰዉ በመደብ፣ በበርጩማ፣ ቢበዛ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። ጨርቁን ግን የማይነካ አልነበረም። ባላገሩ ከገበያ ሲመለስ ጎራ ይላል፣ እጁን በጋቢው ይጠርጋል፣ ይዳስሳል።

«አያ፣ ይኼ ለምን ይሆናል?»

«ለሶፋ ነው።»

«ሶፋ ምንድን ነው?»

«መቀመጫ።»

«ይኸን? በዚህ ላይ?» ይልና ዘወር ብሎ የራሱን ቁምጣ ከኋላ ያያል። «ኧረ እኔ አላፍርም እንዴ!» ብሎ ይሄዳል። አንዱ ለበቅሎው የኮርቻ ግላስ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ በኋላ «በቅሎዋ ከእኔ በልጣ ስትታይ ሚስቴ ምን ትላለች?» ብሎ ተወው። ወራት አለፉ። ጥቅሉ ከሱቁ ጥግ እንደ ባለጸጋ እንግዳ ተቀምጦ ያየናል። ባለቤቴ ማታ ማታ «ባሕር ዛፉ እንዴት ዋለ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከቡሬ መንገድ ካለች የገጠር ደብር ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ የደብሩ አለቃ ናቸው፣ ወፍራም ድምፅና ቀጭን ጢም ያላቸው። ሁለተኛዋ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን አልባሳት የሚሰፉ፣ ዓይናቸው ከደከመ ብዙ ዘመን የሆነው። ሦስተኛውን ሰው ሳይ ሱቁን ቆልፌ መሄድ አማረኝ። ክንዳቸው እስከ ጉልበት የሚደርሰው ሰውዬ ናቸው።

የፈለጉት ለድባብ የሚሆን ጨርቅ ነው፤ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ትልቁ ጥላ ማለት ነው። የድሮው አርጅቶ ዝናብ ያስገባ ነበር። እማሆይ ከፋዩን በሁለት ጣታቸው ያዙና አሹት፣ አሸተቱት፣ ገልብጠው ደግሞ ጀርባውን ዳሰሱት።

«ፊቱ ይጮሃል» አሉ። «ጀርባው ይሻላል፤ ጨዋ ነው።»

«እማሆይ፣ ጀርባውማ ቡናማ ነው፤ አበባም የለው» አልኩ።

«ለዚያ ነዋ ጨዋ ያልኩት፣ አንተ ልጅ!» አሉኝ። ያኔ አምስት ልጆች ነበሩኝ።

አለቃ ግን ፊቱን ወደዱ። ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን አወጣ። ባለ ረጅም ክንዱም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እኛ በሜትር ነው የምንሸጠው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሜትሩ የማን ክንድ ነው?» አሉ ሰውዬው።

«የማንም አይደለም! የዓለም ነው!»

«የማንም ካልሆነማ እንዴት አምነዋለሁ? የእኔን ክንድ አገር ያውቀዋል።»

ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ በክንድ ተለካ፤ ለታቦት ነው ብዬ እኔው እጄን ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። ድባቡ ሲከፈት የነበረውን እልልታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ፀሐይ ወርቁ ላይ ስታርፍ ሰዉ ዓይኑን ጋረደ። በዙሪያው ያለ የሦስት የአራት ደብር ሰው «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ይላል። ባላገሩ ጠጋ እያለ የጨርቁን ጫፍ ይሳለም ነበር። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ፣ አባቴ ባሕር ዛፋቸው የት እንደደረሰ ቢያዩ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ግን ከሕዝቡ ፊት ነበር። «ከእኛ ነው! ከድርጅቱ ነው!» እያለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገር ነበር። ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ የምጽፈው ታሪክ አይኖርም ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ቡሬ ላይ አንዲት ወይዘሮ ሆቴል ከፈቱ። ሆቴል ይባል እንጂ ከፊቱ መጠጥ ቤት፣ ከኋላው ሦስት አልጋ ነው። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ሶፋ አይተው ስለነበር አናጢ ጠርተው አራት ሶፋ አሠሩ። ጨርቁን ከእኛ ወሰዱ፤ በሜትር! ሥራ አስኪያጁ ራሱ ለካ፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከጥቅሉ የተረፈውንም ሌሎች ሆቴሎች ተከትለዋቸው ይገዙናል ብለን እጃችንን አሻሸን። ያ ጨርቅ ከጥቂት ሳምንት በፊት ምን እንደሆነ ሁለታችንም ትዝ አላለንም። ለእኛ ድባቡ ድባብ ነው፣ ሶፋውም ሶፋ ነው።

ገበያተኛው ግን እንደዚያ አላሰበም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሶፋውን ልናይ ቡሬ ሄደን በዓይናችን አየነው። ባላገሩ እህሉን ሸጦ ደስ ብሎት ይገባል፣ ሶፋውን ያያል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዱ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሶፋውን ክንድ ሳሙና ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ወጡ። የቀሩት ግድግዳውን ተደግፈው ቢራቸውን በቁማቸው፣ በሹክሹክታ ይጠጣሉ። ቤቱ ቅዳሴ የሚጠበቅበት መሰለ። አራቱ ሶፋዎች መሃል ላይ ባዶአቸውን ያበራሉ።

«ተቀመጡ እንጂ!» ይላሉ ሴትዮዋ።

«እንዲህ ይሻለናል፣ እመቤቴ።»

«ምን ሆናችሁ? አይበላችሁም!»

«በጥምቀት አይተነዋል» አለ አንዱ ጎበዝ፣ ራቅ ብሎ። «ታቦት የጋረደ ጨርቅ ነው። በዚህ ላይ ብቀመጥ እስከ መስከረም በእግሬ የምሄድ ይመስልዎታል?»

ሴትዮዋ ወደ እኛ ዞሩ። «ጌቶቼ» አሉን፤ በዚያ ቃል ያን ያህል ስድብ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። «ሰው የሚቀመጥበት አምጡ ብል የሚሳለመው አመጣችሁልኝ! ቆሞ የሚጠጣ ሰው ሁለተኛ አይደግም። ወይ ጨርቁን ቀይሩልኝ፣ ወይ አራቱንም ሶፋ ሱቃችሁ ደጃፍ አራግፋቸዋለሁ።»

በምን እንቀይረው? በሱቃችን የነበረው እሱው ከፋይ ብቻ ነው።

የባሰው በሦስተኛው ቀን መጣ። አለቃ ሰው ላኩብኝ። ደብሩ ግቢ ከትልቁ ጥድ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱን አሞት ስለነበር ብቻዬን ቆምኩ።

«አንተ ሰው» አሉ አለቃ፣ «ይህ ጨርቅ ታቦት የሚጋረድበት ነው ወይስ ሰካራም የሚንጋለልበት?»

«አባታችን፣ ማንም አልተንጋለለበትም። ቆመው ነው የሚጠጡት።»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። ሌላው ሊረዱኝ ፈለጉ። «የተባረከው ድባቡ ነው፤ ቡሬ ያለው የመርካቶ ጨርቅ ነው። የካህን ወንድም ሰካራም ቢሆን ካህኑ ይሻራል?»

«አይሻርም፤ ያፍራል እንጂ» አሉ አለቃ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ እውነት ነው።

ፍርዱ አጭር ነበር። እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት በዓል ያ ጨርቅ ከመጠጥ ቤቱ ካልጠፋ ድባቡን ተሸክመው መጥተው ሱቄ ውስጥ ያስቀምጡልኛል፤ ለምን እንደመለሱትም በበዓሉ ለሕዝቡ ይነግራሉ። የዚያ በዓል ሕዝብ ማለት ደግሞ ከእኔ አቡጀዲ ያልገዛ የሌለበት ሕዝብ ነው። ልብ በሉ፤ ሶፋው ከተፈታ ጨርቄን ለሶፋ የሚገዛኝ አይኖርም፤ ሶፋው ካልተፈታ ስሜ ይሄዳል። ስሜ ከሄደ በዚያ አገር መሃረብ እንኳ የሚገዛኝ የለም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ፤ የእኔ ሳይያዝም ሳይነገርም ተቀደደ።

ሥራ አስኪያጁ ራስ ምታቱ ሲለቀው መፍትሔ ይዞ መጣ። ማቅለም! ጥቁር ካደረግነው ማንም አያውቀውም አለ። ቁራጭ ወስዶ በርሜል ውስጥ ከቀለም ጋር ቀቀለው። ጨርቁ የበሬ ጉበት መስሎ ወጣ፤ አበቦቹ ግን ጭራሽ ደመቁ። የጠቆረው የራሱ እጅ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ሰው ሲጨብጥ «ኀዘን ነው?» ይሉት ነበር።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ባለቤቴ «ባሕር ዛፉ እንዴት ዋለ?» ማለት ተወች፤ ይህ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

አንድ ጠዋት የከፋዩን ቁራጭ በጋቢዬ ሸፍኜ ወደዚያው ደብር ሄድኩ። ሐሳቤ አለቃን ለምኜ ጥቂት ሳምንት እንዲጨምሩልኝ ነበር። አለቃ አልነበሩም። እማሆይ ግን ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ያረጀ ካባ ይጠቅማሉ። በመርፌው ክር የሚያስገቡት በምላሳቸው ነው፤ በዓይናቸው አይደለም።

«ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ እማሆይ፣ ጨርቅ ሻጩ።»

«ድምፅህ እርጥብ ነው። አለቀስክ?»

«አላለቀስኩም።»

«አልቅስ፤ አንዳንዴ ይጠቅማል። ምን ይዘሃል?»

ቁራጩን ሰጠኋቸው። ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን እንደ ድመት ደጋግመው አሻሹት። ታሪኬን ከመጀመሪያ ጀምሬ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ባላገሩ ቆሞ ይጠጣል ስላቸው ብቻ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

«ያን ዕለት ከሱቅህ ምን አልኩህ?»

«ጀርባው ይሻላል አሉኝ።»

«ታዲያ?»

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። እሳቸውም ይህ ገብቷቸው መታገሥ አልቻሉም።

«አንተ ልጅ፣ ድባቡን የሰፋሁት በፊቱ ነው! ሰዉ የተሳለመው ፊቱን ነው! ጀርባውን ማን አየው? በገበሩ ውስጥ ተደብቋል። ገልብጠህ በምስማር ምታው። ፊቱ ወደ እንጨቱ ይዙር፤ የታቦቱ አበባ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ጀርባው የማንም ነው፤ ይቀመጡበት።»

እኔ ያን ሁሉ ዘመን ጨርቅ ስሸጥ ጨርቅ ጀርባ እንዳለው ያን ቀን የሰማሁ መሰለኝ።

«ግን እማሆይ፣ ቢገለበጥም ያውቁታል። ማን ደፍሮ ይቀመጣል? አለቃስ ምን ይላሉ?»

ካባውን አጠፉና ወደ ጎን አደረጉ። «በገበያ ቀን ቡሬ የሚሄድ ጋሪ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

አናጢውን ይዘን ምስማሩን ስንነቅል፣ ጨርቁን ስንገለብጥ ሁለት ቀን ፈጀ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። «ሶፋዬን እንደ ጋቢ ገለበጣችሁት!» አሉ። ሶፋዎቹ ግን አመረባቸው። ቡናማ፣ ለስለስ ያሉ፣ አቧራ የማያሳዩ፤ እማሆይ እንዳሉት ጨዋ ሆኑ።

የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ አካባቢ ያለው የገበያ ቀን ደረሰ። ቤቱ ሞላ፤ ሰዉ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሶፋው ግን ባዶ ነው። ባላገሩ እየተጠቋቆመ «ገለበጡት እኮ» ይባባላል። አንዱ «ሰው ሲገለበጥ ሌላ ሰው ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ።

በዚህ መሃል በሩ ላይ እማሆይ ታዩ። መቋሚያቸው፣ ቢጫ ቆባቸው፣ ነጠላቸው። አንዱ ቢራውን ከጀርባው ደበቀ፤ ሌላው ደንግጦ ተሳለመ። እማሆይ መሬቱን በመቋሚያ እየመቱ መሃል ድረስ መጡ፣ ሶፋውን በእጃቸው ፈለጉ፣ ጀርባውን ዳሰሱ። ከዚያ ዞር ብለው ተቀመጡ።

ሶፋው ዋጣቸው። እግራቸው ከመሬት ተነሳ።

«ውይ! ይኼ ነገር ሰው ይበላል እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ማን ደፍሮ!

«ምን ትገተራላችሁ?» አሉ ከውስጡ ሆነው። «ድባቡን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የትኛው ጨርቅ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ይሄ ጀርባ ነው። እናንተም የምታሳርፉበት ጀርባችሁን ነው። ቁጭ በሉ! ለእኔም ውሃ አምጡልኝ።»

መጀመሪያ የተቀመጠው ያ ክንደ ረጅሙ ሰውዬ ነው፤ ጫፉ ላይ፣ እንደ ፈረሰኛ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሦስት ሰው በሚይዘው ሶፋ አምስት ሆኑ። ሹክሹክታው ወደ ወሬ፣ ወሬው ወደ ጫጫታ ተለወጠ፤ ሴትዮዋ ቢራ ማድረስ አቃታቸው። ሥራ አስኪያጁ ጥቁር እጁን እያወናጨፈ ራሱ ያድል ጀመር።

ወሬው ቶሎ ይደርሳል፤ አለቃ በበቅሎ መጡ። ደጃፍ ላይ ቆመው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«እማሆይ! ከመጠጥ ቤት?»

«ልመረምር ነው የመጣሁት።»

«ታዲያስ?»

«ፊቱ ከእንጨቱ ጋር ተጋብቷል። የቀረው ጀርባ ነው፤ ጀርባ በጀርባ ላይ ቢያርፍ ምን ይደንቃል? እርስዎም ገብተው ይሞክሩት።»

አለቃ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ጨርቁን አዩ፣ በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«አይታይም» አሉ። «እንግዲያስ ይሁን።» ሻይ አዝዘው ቆመው ጠጡ። ቡሬ ያ ሶፋ እስካለ ድረስ አለቃ ቆመው እንጂ ተቀምጠው አልጠጡም፤ እማሆይን ከሶፋው ጎትተው ያወጡት ግን ከእኔ ጋር እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የድርጅቱ ታሪክ ቀላል ነው። ድባቡ በቦታው ቆየ። የተረፈንን ጥቅል ሰዉ «የተገለበጠውን» እያለ ፈልጎ ጨረሰው። ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ ሳይቀር ይመጡ ነበር። አዲስ ጨርቅ ስናመጣም ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ሆነ፤ መርካቶ ያለው ነጋዴ ጥቅሉን እየገለበጥን ስንገዛ አይቶ «ጎጃሜ ጨርቅ የሚገዛው ወደ ውስጥ ነው» ይል ነበር። መጋረጃ ሸጥን፣ የዳስ ማስጌጫ ሸጥን፣ ለሰርግ ቤት ትራስ ሸጥን። የአባቴን ተዳፋት መልሼ ባሕር ዛፍ ተከልኩበት። ኋላ የተሰፋ ሶፋ ከነጨርቁ በመኪና ተጭኖ መምጣት ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ፤ ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ገብቶ ሌላ ታፔላ አሠራ። የእኛው ታፔላ ዛሬ የዶሮዎቻችን ቤት ጣሪያ ነው። የመጨረሻዋን ቃል ግን ጎረቤታችን ለምኖኝ ቆርጬ ሰጥቼዋለሁ፤ አሁንም ከጨው ሱቁ በላይ «ድርጅት» ይላል።

ባለቤቴ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ባሕር ዛፉ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። ደህና ነው፤ ለቆርቆሮ ቤት ማገር ደርሷል። ሰው «ያን ድርጅት ማን አቆመው?» ሲለኝ ሥራ አስኪያጁን እጠራለሁ፤ ይገባዋል፣ ታፔላውን የሰቀለው እሱ ነው። ያን ወር ያሻገረኝን ሰው ከጠየቃችሁኝ ግን፣ በዓለም ሳሉ ማን ይባሉ እንደነበር እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እማሆይ ናቸው።